ሰማይ የሚታይበት አፈሙዝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ገና ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። መምህርቷ «ጋሽ ውበቱ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፤ የፈለጉትን፤ ማንም አያርምዎትም» ስላለችኝ ዛሬ ስለ ራሴ ጀግንነት ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ማንበብና መጻፍ የቻልኩት አምና፣ በማታው ክፍል ነው። ከክፍሉ ተማሪ የእኔን የሚያህል የእጅ ጽሑፍ ያለው የለም። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ያምር ነበር፤ የሚለው ስለጠፋ እኔው ጻፍኩት።

የደወለችው ሕሊና ናት፣ ልጄ። ነርስ ናት፤ ዴንቨር አጠገብ፣ ግሌንዴል በሚባል ቦታ አፓርትመንት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ከሥራ ስትመለስ የበረንዳዋ ተንሸራታች በር ተፈልቅቆ አገኘችው። ላፕቶፑ የለም። እናቷ የሰጠቻት የአንገት ሐብል የለም። አልጋዋ ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጦበት ተነስቷል፤ ከሁሉ ያስፈራት እሱ ነው። ፖሊስ መጣ፣ ሪፖርት ጻፈ፣ ሄደ።

ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ስትፈራ እንደዚያ ነው የምትሆነው፤ አታለቅስም።

«አባዬ፣ መሣሪያ ልገዛ ነው። አንተ ታውቃለህ። የቱ እንደሚሻል ንገረኝ።»

አንተ ታውቃለህ! ልጅ ሳለች አልተኛም ስትል ያስተኛኋት በነብሩ ታሪክ ነው። አባቴ ምንሽሩን ያቀብለኛል፣ ነብሩ ከቋጥኙ ላይ ይዘልላል፣ እኔ መሬት ሳይነካ በአንድ ጥይት እጥለዋለሁ። ነብሩ በየዓመቱ እየረዘመ ሄዶ ነበር።

«ነገሩን ለእኔ ተይው» አልኳት።

ባለቤቴ አስካለ ከኩሽና ሆና ሰምታለች። «ምኑን ነው ላንተ የምትተወው?» አለችኝ።

ደብተሬን ገልጬ ጻፍኩ፦

ረጅሙ ጠመንጃ።
ሾትጋን።
ሽጉጥ።

ከእያንዳንዱ ጎን የማውቀውን ልጽፍበት ቦታ ተውኩ። አሁን ስጽፍ ቦታው ባዶ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

በምሳ ሰዓት ጉዳዩን ለሹፌሮቹ አቀረብኩ። ኤርፖርት አጠገብ ካለው የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የምናመላልስ ስድስት ሰዎች ነን፤ ስድስታችንም ሊቅ ነን።

አንዱ «ሾትጋን ነው እንጂ፣ ፍሬ የሚበትነው! ጥይቱን ስታጎርሰው ቀጭ ቀጭ ሲል ሌባው ድምፁን ሰምቶ ይፈረጥጣል» አለ።

«ሌባው ደንቆሮ ቢሆንስ?» አለው ሌላው።

«ታዲያ ደንቆሮ እንዴት ነው የሚሰርቀው?»

«በእጁ!»

ሳቅን። እኔም አባቴ ምንሽር እንደነበረው፣ በዚያ መሣሪያ ምን ምን እንደሠራሁ አወራሁ። ነብሩንም አመጣሁት። ዛሬ ሁለት ነበሩ።

ደሳለኝ ብቻ ምሳውን ይበላል። አገር ቤት ለብዙ ዓመት ወታደር ነበር። መሣሪያ ሲወራ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን ይጠቀልላል እንጂ አንድ ቃል አይወጣውም። ወደ መኪናችን ስንሄድ ግን ጠጋ አለኝና «ጋሽ ውበቱ፣ ግድግዳዋ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የምን ግድግዳ?»

«የልጅቱ ቤት። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ይተኛል?»

አላውቅም። ሄጄ መዓት ጊዜ ሽሮ በልቼበታለሁ፤ ግድግዳውን አንኳኩቼ አላውቅም።

የእኛ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነበር፤ ክንድ የሚያህል ውፍረት። አባቴ ሁለት የበሬ ቀንድ ተክሎበት ምንሽሩ በዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ የእኔ መደብ ነው። ማታ ማታ እሳቱ ሲንቀለቀል ሰደፉ ላይ ያለው የናስ ምስማር ብልጭ ብልጭ ይላል። እሱን እየቆጠርኩ ነው የምተኛው። ዘጠኝ ነበሩ። የዚያን ያህል እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ቤታችን ያለው ፍራሼ ለሁለት ተሸክመን ያስገባነው ነው፣ ግን አልሆነም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሱፍ ለበስኩ። አስካለ «ሠርግ ነው እንዴ?» አለች። መሣሪያ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ደህና ልብስ ይለብሳል። አባቴ ምንሽሩን ሊገዛ ሲወርድ ነጭ ጋቢ ለብሶ እንደነበር እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ።

ሕሊና እዚሁ አውሮራ ካለ የመሣሪያ ሱቅ ወሰደችኝ። ጠመንጃው እንደ ጫማ በመደርደሪያ ተደርድሯል። ሻጩ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ እንደ ዲያቆን ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ለማን እንደሆነ ጠየቀ። ለእሷ ነው፣ አማካሪዋ ግን እኔ ነኝ አልኩት።

በየተራ አወጣልን። ሾትጋኑ ረጅም ነው፤ በሕሊና ኮሪደር ውስጥ ይዞ ለመዞር መጀመሪያ ከጎረቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ረጅሙ ጠመንጃ፣ ጥቁሩ፣ ትከሻ ላይ ሲደገፍ ይመቻል፣ ግን ድምፁ ቤት ውስጥ ጆሮ ያጠፋል አለ፣ ጥይቱም ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ሽጉጥ ትንሽ ነው፣ ቆልፎ ለማስቀመጥ ይቀላል፣ ግን ሳይለማመዱበት በቅርብም ይሳታል። ሕሊና ትጠይቃለች፣ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። እኔ «ሾትጋን ነው» እላለሁ። ሹፌሩ ያለውን ነው የምደግመው።

ሻጩ ባዶ መሆኑን አይቶ፣ አሳይቶን፣ ሾትጋኑን ሰጠኝ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ብረቱ እጄ ላይ ሲያርፍ አሥር ዓመቴ ሆነ። ሰውየው፣ ሱቁ፣ ሁሉም ጠፋ። ብድግ አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፈሙዙን ወደ ዓይኔ አመጣሁት። ሰማይ ልፈልግ።

የሰውየው እጅ መጥቶ ብረቱን ወደ ጎን ገፋው። «ሰር! ሰር!» አለ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ እንዴት ጥሩ ነበር።

ሕሊና ሾትጋኑን ከእጄ ተቀብላ መለሰችለት። መኪና ውስጥ ገባን። ከዚያ «አባዬ፣ ራበህ?» አለችኝ። ይኸው ብቻ።

የማታውን ክፍል ዛሬ ቀረሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

መምህርቷ ማንም አያርምዎትም ብላለች። እንግዲያው ልጻፈው።

በሕይወቴ አንድም ጥይት ተኩሼ አላውቅም።

ነብር ያየሁት ዴንቨር፣ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ነው። ተኝቶ ነበር።

የምንሽሩ ነገር እንዲህ ነው። አሥር ዓመቴ ገደማ አባቴ ገበያ፣ እናቴ ውኃ የወረዱ ቀን፣ መደቡ ላይ ወጥቼ አወረድኩት። እርግብ ልመታበት ነበር። ደጅ አውጥቼ፣ ሞኝ ነኝና፣ መጀመሪያ በአፈሙዙ አጮልቄ አየሁ። ከወዲያ በኩል ሰማይ ይታያል። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ሳንቲም የምታክል። ደመና ሲያልፍባት ሁሉ አየሁ። ጥይት የሚያጎርሰው ብረት፣ ከኋላ የሚቆልፈው፣ ቦታው ላይ የለም። አባቴ አገሩን ያስፈራበት ጠመንጃ ቱቦ ነው።

መልሼ ሰቀልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ጥዬ ማዳመጥ ጀመርኩና ደረስኩበት። እኔ ሳልወለድ በአንድ ድግስ ላይ አባቴ ሰክሮ በድንበር ነገር ከገዛ ወንድሙ ጋር ተጣላ፣ አነጣጠረበትም። ጥይቱ ጋን ሰብሮ አለፈ። ጠላው መሬት ለመሬት ሲፈስ እናቴ ተነስታ፣ ያንን ብረት ከጠመንጃው ላይ አውጥታ፣ በቀሚሷ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። አባቴ አልከለከላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጨቱ የእሱ፣ ብረቱ የእሷ ሆነ። ብረቱን የምትደብቀው ተልባ በሚቀመጥበት ማሰሮ ውስጥ፣ ከሥር ነው።

ሠርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ መተኮስ ሲኖርበት፣ «እስቲ ስጪኝ» ይላታል። እሷ ወዲያው አትሰጥም። ፊት ለፊቱ ቆማ ዓይኑን ታየዋለች። ጠጋ ብላ አፉን ታሸትተዋለች። ያ ሁሉ የሚፈሩት ሰው እንደ ልጅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዳንዴ ትሰጠዋለች። አንዳንዴ «ዛሬ አይሆንም» ትለዋለች፣ እሱም ባዶውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እየፎከረ ይሄዳል።

ያንን ሁሉ እንቅልፍ የተኛሁት በዚያ ባዶ ጠመንጃ ሥር ነው። ገርሞኝ አያልቅም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሁለት ነገር ይዤ ግሌንዴል ሄድኩ። አንዱ ለተንሸራታቹ በር ልክ ቆርጬ ያዘጋጀሁት የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ሐዲዱ ላይ ሲጋደም በሩ ንቅንቅ አይልም። ሌላው የሥራ ጫማዬ ነው፣ አሮጌው፣ ጀልባ የሚያህለው። ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩት። ያየ ሁሉ ውስጥ ግዙፍ ሰው አለ ይበል።

ሕሊና ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ግድግዳውን አንኳኳሁ። እንደ ካርቶን ነው። ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። የደሳለኝ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሾትጋን ያልኩሽን ተይው» አልኳት። «ሹፌር ነው የነገረኝ። እኔ ተኩሼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራስህ ነሃ! ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነብሩ አንድ ነበር። ስምንተኛ ስደርስ ሁለት ሆነው ከነልጆቻቸው መጡ። ካም ኦን፣ አባዬ!»

እንግዲያው ለምን ጠየቅሽኝ አልኳት። በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችው፣ እኔ በአማርኛ ልጻፈው፦ ብቻዬን መሄድ አልፈለግኩም።

ከዚያ ስለ ሰማዩ ነገርኳት። ስለ ተልባው ማሰሮ ነገርኳት። አያቷን አታውቃትም። የአባቴን አፍ ታሸትት ነበር ስላት የምትበላበትን ማንኪያ አስቀመጠች። «ደግመህ ንገረኝ» አለች። ሦስት ጊዜ አስነገረችኝ። ምንም አልጨመርኩበትም። ለእኔ ይህ ቀላል አይደለም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሌክውድ፣ የተኩስ መለማመጃ ቤት፣ የጀማሪዎች ክፍል። አባትና ልጅ አንድ ላይ ተመዘገብን። አስተማሪዋ ጸጉሯ ሽበት የሆነ፣ ትከሻዬ ላይ የማትደርስ ሴት ናት። ከመንካታችን በፊት ሕጉን በአፋችን አስባለችን፦ ሁሉንም ጥይት እንዳለበት ቁጠር፣ አፈሙዙን ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር፣ እስክትተኩስ ጣትህን ከቃታው አርቅ፣ ዒላማህንና ከዒላማህ ወዲያ ያለውን እወቅ። ልክ እንደ ማታው ክፍል ነው፤ ሰብሰብ ብለን ሀ ሁ። አፈሙዝ በሚለው ላይ ሕሊና በክርኗ ጎሸመችኝ።

ከዚያ ተኮስኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። የመጀመሪያው ጥይት የት እንደገባ አልታወቀም፤ ወረቀቱን አልነካውም። መነጽሩ ውስጥ እንባ ሞላ። አባቴ ቢያየኝ ብዬ ነው። ምንሽሩን በጨርቅ ስወለውልለት «ስታድግ ትተኩሳለህ» ይለኝ ነበር። አላስተኮሰኝም፤ እኔም ሳላድግ ወደ ሱዳን ወጣሁ።

ሾትጋኑንም ሞከርኩት። ትከሻዬ አሁን በልዞ የበሰለ እንጆሪ መልክ አለው። ሕሊና ረጅሙን፣ ጥይቱ የሚሽከረከር ክብ ውስጥ የሚገባውን ሪቮልቨር፣ ሽጉጡን፣ ሁሉንም ሞከረች። ሽጉጡ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አምስቱን ጥይት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ሰበሰበቻቸው። በማን ወጥታ እንደሆነ አልጽፍም፣ ይታወቃል።

ሰኞ የተውኩትን ቦታ ልሙላው። ረጅሙ ጠመንጃ፦ ለመያዝ ይቀላል፣ ለጎረቤት ሕፃን ግን አይሆንም። ሾትጋን፦ ኃይለኛ ነው፣ ለኮሪደሩ ረዘመ፣ ፍሬውም ካርቶን ግድግዳ ያልፋል፤ ድምፁን ሰምቶ ሌባ ይሮጣል የሚለውን አስተማሪዋ ስቃበታለች። ሪቮልቨር፦ አሠራሩ ቀላል፣ ቃታው ግን ለእጇ ከብዷታል። ሽጉጥ፦ ትንሽ፣ የሚቆለፍ፣ ልምምድ የሚፈልግ፤ እሱም ቢሆን ግድግዳ ይበሳል፣ ስለዚህ ወዴት እንደምትቆሚ አስቀድመሽ እወቂ ተባለች። ምርጥ የሚባል የለም። ማን ነው የሚይዘው፣ የት ነው የሚኖረው፣ ማን ነው አብሮት የሚኖረው፣ ነው ነገሩ። ይህን ወታደሩ በአንድ ጥያቄ ጨርሶት ነበር።

ሱቅ ተመልሰን ሽጉጡን መረጠች። ጢማሙ ሰውዬ ለእኔ ምንም አልሰጠኝም፤ እጁን ብቻ ዘርግቶ ጨበጠኝ። ሕጉ ሦስት ቀን ጠብቁ ይላል። ማክሰኞ ትወስዳለች።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቅዳሴ በኋላ ደሳለኝን አገኘሁትና ሃያ ጥይት መተኮሴን ነገርኩት። አልሳቀም።

«ከወረቀት ሌላ አያስተኩስዎት» አለኝ።

አሜን አልኩ። ብዙ ምርቃት ተመርቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወሰደችው። በቁልፍ የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥንም ገዛች፣ አልጋዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኩላት። ሠራተኛ ቢጠራ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን እኔ በአንድ ሰዓት። ጎንበስ ቀና ስል ጉራዬን እየነዛሁ ሳለ ሕሊና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አትደንግጥ።»

ባለፈው ክረምት እጮኛዋ ሲለያት፣ በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ በሥራ ቦታዋ እጇ ላይ ስትሞት፣ መኖር ያልፈለገችባቸው ቀናት ነበሩ። እኛ ሥራ በዝቶባት ነው እንል ነበር። እስከ ዛሬ የምታነጋግራት የምክር ባለሙያ አለች፣ ደህና ናት አሁን። «ግን ያን ጊዜ ይህ ነገር ቤቴ ውስጥ ቢኖር ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ካቻቪቴውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ፣ ውበቱ፣ ቀልድ ጠፋብኝ።

«እንግዲያው እንመልሰው» አልኩ።

«ሌባውም እውነት ነው፣ ያኛውም እውነት ነው። አያቴ እንዳደረገችው አድርግልኝ። ባለሙያዋንም ነግሬያታለሁ፣ ጥሩ ነው አለች። ደህና ስሆን ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን። ደህና ሳልሆን እደውልልሃለሁ፣ መጥተህ ትወስዳለህ። ለምን አትለኝም።»

«ባትደውዪስ?»

«አንተ ደውል። በየቀኑ። ከዚያ ድምፄን ስማ።»

ሁለተኛው ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ለአስካለ ነገርኳት። ሰምታ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ «እናትህ አሁን በኖረች» አለች። አስካለ ስለ እናቴ ደህና ነገር ስትናገር በሠላሳ ዓመት ይህ ሁለተኛዋ ነው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ትናንት ደወልኩ፣ ሳቀች። ዛሬ ከመደወሌ በፊት እሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ ና።»

መንገደኞቼን ለደሳለኝ ሰጠሁት። ለምን አላለኝም። ግሌንዴል እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ፓርክ ያደረግኩት የሰው ቦታ ላይ ነው። ጫማዬ ደጃፏ ላይ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አገር ቤት ወንድ ወደ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው፣ ጮክ ብዬ።

ከፈተችልኝ። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። ፊት ለፊቷ ቆሜ ዓይኗን አየሁ። እናቴ ምን ታይ እንደነበር ዛሬ ገባኝ። ሥልጣን መስሎኝ ነበር። ለካ ፍርሃት ነው፤ የሚወዱት ሰው ዛሬ የት እንዳለ መፈለግ ነው።

«ዛሬ ሣጥኑንም ልውሰደው» አልኳት።

በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና የእሷንም ቁልፍ ሰጠችኝ። ካቻቪቴው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፈታሁት።

«አንቺም ነይ» አልኳት። ጫማዋን አደረገች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አውሮራ ገባን። እናቷ ምንም ሳትጠይቅ አበላቻት። ለባለሙያዋ ከመኪና ደውላላታለች፣ ነገ ጠዋት ቀጥራታለች፤ እኔ ነኝ የምወስዳት። ሣጥኑ አንድ ቦታ፣ ቁልፎቹ ሌላ ቦታ ናቸው። የት እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ በዚህ ቤት ማንበብ የሚችለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ተልባ ውስጥ ግን አይደለም። አስካለ ተልባውን ለመፍጨት ማንሳቷ እንደማይቀር አስቀድሜ አስቤበታለሁ።

ከነገ ወዲያ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሽጉጡ ይመለስላት፣ አይመለስላት፣ ሦስታችንም አላወቅንም። አልቸኮልንም።

ሕሊና የድሮ ክፍሏ ገብታ ተጋደመች። መጋረጃውን ልዘጋላት ስል «ነብሩን ንገረኝ» አለችኝ።

«እውነተኛውን?»

«ኖ። ትልቁን።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነብሮቹ ዛሬ አምስት ነበሩ። አራተኛው ሳይዘል ተኛች።